በካዎው ቅጥር ውስጥ የበቀለ ገብስ

ኦቾሎ ጋራ ወገብ ላይ የጥንት ካዎ፣ የአገሬው ንጉሥ ማለት ነው፣ የመሸገበት ግቢ ፍርስራሽ አለ። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ የድንጋይ ካቡ ግን ዛሬም ቆሟል። መሬት ላራሹ ታውጆ መሬት ሲከፋፈል ይህን ግቢ የሚደፍር ጠፋ። የካዎው መንፈስ ይጣላናል ብለው ሁሉም ሸሹ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ገነነ ቢቸግረው፣ "እንግዲያው ለወርቂቱ ይሰጥ!" አለ። ያኔ ጉድ ፈላ።

ወርቂቱ ሸክላ ሠሪ ናታ! የሸክላ ሠሪ እጅ የነካው መሬት ይመክናል እየተባለ ያደገ አገር ነው። እናቷም አያቷም አንዲት ክንድ መሬት ሳይኖራቸው አለፉ። የካዎው ዘር ነኝ ባዩ አባ ዳልጮ በሸንጎው መሐል ከዘራቸውን ወዝውዘው፣ "ገብሱ ካልያዘላት ትልቀቅ!" ብለው ጮኹ። ገነነም ጭቅጭቁ ሰልችቶት እሺ አለ።

ወርቂቱ ፈራች፤ ለምን ይዋሻል? ግን ቆፈረች። የካዎው ከብት ስንት ዘመን ያደረበት አፈር ጥቁርና ልስልስ ሆኖ ጠበቃት። ገብሷን ዘራች። ሰዉ በካቡ ላይ አንገቱን እያሰገገ፣ "ቢጫ አልሆነም?" ይባባላል። ምቀኛ አያሳጣችሁ! ገብሱ ግን ይለመልማል።

ከዚያ ክረምቱ ከበደ። ጎርፍ የተዳፋቱን ማሳ ከነቡቃያው ጠርጎ ቁልቁል ወደ አባያ ሐይቅ ወሰደው። ያ ጠላት እንዲመክት የተሠራ ካብ ጎርፉንም መከተ። በመኸር ጊዜ በመንደሩ የተረፈ የዘር ገብስ ቢኖር የወርቂቱ ብቻ ሆነ።

የዘር ወቅት ሲደርስ አንድ ጠዋት አባ ዳልጮ ባዶ ስልቻ ይዘው መጡ።

"ወርቂቱ፣ ዘር አለሽ አሉ።"

"አለ፣ አባ ዳልጮ። ግን እጄ ነክቶታል፤ መሬትዎ እንዳይመክንብዎት።"

ሽማግሌው አቀረቀሩ። "አፌን በቆረጠው! ዘሩ ብቻ አይበቃኝም፤ መጥተሽ በእጅሽ ዝሪልኝ" አሉ።

ወርቂቱ ስልቻቸውን ተቀብላ ገብስ ሞላችው። በማግስቱ መንደርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ እያያት በአባ ዳልጮ ማሳ መሐል ቆመች። ከስልቻው ገብስ ዘገነችና ክንዷን ዘርግታ በተነችው። እልልታውን የጀመረችው ራሷ ነበረች።