ለኬክ የቀረ ቃል

ኬኩ ከትሪው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ሲከሰከስ፣ ዙሪያውን የቆሙት ሴቶች ባንድ አፍ «ዞንደ» አሉ። በሆላንድኛ ኃጢአትም፣ እንዲሁ ባክኖ የቀረ ነገርም ዞንደ ነው። ፓስተር ዮሪት በሚመራው ቤተ ክርስቲያን ግን ቃሏ ለኬክ ብቻ ቀርታለች። አዲስ ሰው ታስበረግጋለች ብሎ ከስብከት ያወጣት ራሱ ነው። አልተሳሳተም፤ ቤተ ክርስቲያን የሆነው የቀድሞው የምንጣፍ መሸጫ አሁን እሑድ እሑድ ሁለት ጊዜ ይሞላል።

ኸርበን ኬኩን ተሻግሮ መጣ። ላም ሲያልብ የኖረ ጡረተኛ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ወንድሙን ዊበን ቀብሯል። ዮሪት አቅፎ እንዴት ነህ አለው፤ እዚህ ቤት ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው የሚባለው።

ኸርበን እንደቆመ ነገረው። ከወንድሙ ጋር በአባታቸው እርሻ ሰበብ ተኳርፈው ነበር። ዊበ በሞተበት ዕለት ማታ፣ ከመሞቱ በፊት፣ ደጋግሞ ደወለለት። ኸርበን ስሙን አየና ስልኩን በፊቱ ደፍቶ በቴሌቪዥን የጀመረውን ኳስ ማየት ቀጠለ።

«ዞንደ ነው» አለ ሲጨርስ።

«በጣም ያሳዝናል» አለ ዮሪት።

«ስለ ኬክ አይደለም የማወራህ።»

ዮሪት፣ ሐዘንተኛ ራሱን መውቀሱ ያለ ነው፣ በራስህ አትጨክን፣ ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣ ጎበዝ አማካሪ አለችን አለው። «እግዚአብሔር እንዳለህ ይቀበልሃል» ብሎም ጨመረለት።

«እንዳለሁማ ቤቴም ነበርኩ» አለ ኸርበን። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። «የሚያሳዝን ነገር ምሕረት የለውም፣ ፓስተር። ያሳዝናል፣ አለቀ። ምሕረት ያለው ኃጢአት ነው። እስቲ ኃጢአት ነው ይበሉኝ።»

ይበሉኝ አለው። ዮሪትን እርስዎ ያለው ሰው ኖሮ አያውቅም። አፉን ከፈተ። ቃሏን ተማሪ ሳለ በግሪክኛም በዕብራይስጥም አጥንቷታል፤ አሁን ምላሱ ላይ ስትደርስ ግን ኬክ ኬክ አለችው።

«ሁለተኛው ጉባኤ ሊጀመር ነው» አለ። «ሲያልቅ እናውራ።»

«እጠብቅዎታለሁ።»

ዮሪት ስብከቱን ሲጨርስ፣ ኸርበን ካፖርቱን እንደለበሰ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። የመሰነባበቻው መዝሙር አለቀ። የዮሪት ሚስት ፌምከ ኪቦርዷን ልታጠፋ እጇን ስትሰድ፣ ዮሪት ጠጋ ብሎ አንድ ጊዜ ድገሚው አላት። ሕዝቡ ደስ ብሎት እጁን አነሳ፤ መንፈስ ወረደ ያለም ነበር። ኸርበን አልዘመረም። አልሄደምም።

መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ዮሪት ዓይኑን ጨፈነ።

«አሁንም ድገሚው» አላት።