የተራበ አፈር

አሸዋውን ለሰባተኛ ጊዜ እያጠብኩ ነበር። ባልዲውን ውሃ እሞላለሁ፣ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ አማስላለሁ፣ የደፈረሰውን እደፋለሁ፣ እንደገና እሞላለሁ። መጀመሪያ ሻይ ይመስል የነበረው ውሃ እየቀጠነ ሄዶ አሁን የሻይ ብርጭቆ የታለቀለቀበትን መስሏል። ወገቤ ከሦስተኛው ባልዲ ወዲህ የኔ መሆኑን ትቷል።

«ውሃ ወቀጣ የሚሉት ይሄ ነው» አሉ አጎቴ ከኋላዬ። «ሰው በአሸዋ ድስት ያጥባል እንጂ አሸዋ ያጥባል?»

«ይሄኛው ይታጠባል፣ ጋሼ።»

«ከዚያስ ይተኮሳል?»

አልሳቅኩም። ለመሳቅም አቅም ይጠይቃል።

አጎቴ በዚህ የአበባ ማፍያ ቤት ሠላሳ ዓመት አፈር ቀላቅለዋል። እኔንም ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ስመጣ ሥራዬ መጥረግ ነበር። ስጠርግ ነው ጥግ ላይ ተረስተው የጠወለጉትን ያገኘኋቸው፤ ቅጠላቸው እንደ አፍ የተከፈተ፣ ዝንብ ሲያርፍበት ግጥም የሚል። ሥጋ በል ዕፅዋት ናቸው። ማንም አላስተማረኝም። አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ፣ ከዚያ ስልኬ፣ ከዚያ ደግሞ በገዛ እጄ የገደልኳቸው አሥራ አንድ እግር ናቸው አስተማሪዎቼ። ሌላው አራት ዓመት ደብተር ተሸክሞ የሚማረውን እኔ በአንድ ክረምት ገድዬ ተማርኩት። ሦስት ዓመት ሆኖኛል። አሁን ሰማንያ እግር ናቸው፤ ግማሾቹን ከዘር ነው ያወጣኋቸው።

ሰማንያዎቹ ሥሮቻቸው ታጥበው፣ በራሰ ጋዜጣ ተጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ ተኝተዋል። የነበሩበት አፈር በስብሶ መሽተት ስለጀመረ ትናንት፣ ሐሙስ፣ ሁሉንም አወጣኋቸው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ደግሞ ቁርጤን ነግረውኛል፦ «ቅዳሜ ጠዋት እያንዳንዳቸው በየፖታቸው ቆመው ካላየሁ ጥጉን ለጽጌረዳ እሰጠዋለሁ። ሦስት ዓመት ታግሼሻለሁ።» እትዬ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይናገሩም። ጥጉ ከሄደ እኔ ወደ መጥረጊያዬ፣ እነሱ ወደ ቆሻሻው ክምር ነን።

አፈር ማግኘቱ ነው ጭንቁ። ማክሰኞ ዕለት ምሩቁ አንድ ትልቅ ከረጢት አምጥቶ እግሬ ሥር ጣለልኝ። ምሩቁ የቤቱ ባለሙያ ነው፤ ዲግሪውን ቢሮው ግድግዳ ላይ ስለሰቀለ ስሙን ረስተንለታል።

«ምርጥ አፈር ነው» አለኝ። «ማዳበሪያው አብሮ ተቀላቅሏል። ምንም መጨመር አያስፈልግሽም።»

«መርዙ አብሮ ተቀላቅሏል በለኝ።»

«አንቺ መቼም…»

«እነዚህ የሚበሉት በአፋቸው ነው፣ በእግራቸው አይደለም። አንተ ምሳህን ጫማህ ውስጥ ቢጨምሩልህ ትጠግባለህ?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እሱ ከረጢቱን መልሶ ተሸክሞ ሄደ።

ስለዚህ የራሴን ፈለግኩ። አንድ እስር ፒት አገኘሁ፤ ከረግረግ ተቆፍሮ የሚደርቅ፣ ዘመን ያጠቆረው የሣር ሬሳ ነው፣ ማዳበሪያ የሚባል ያልነካው። አሸዋ ከሦስት ቦታ አስመጣሁ። የመጀመሪያው ላይ አቼቶ ጠብ ሳደርግበት እንደ ተቆጣች ድመት ፍሽሽ አለ፤ ኖራ አለበት ማለት ነው፣ ኖራ ደግሞ ሥራቸውን ያቃጥላል። ሁለተኛው ድምፅ አላሰማም፤ ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ውስጥ ውስጡን አረፋ ያነሳል፣ እንደ አንዳንድ ሰው። ሦስተኛው ጭጭ አለ። ጭቃ ቢሆንም ኖራ የለውም። ይኸው እሱን ነው የማጥበው።

ፒቱ ደግሞ ከደረቀ ውሃ አልቀበልም ይላል፤ ላዩ ላይ ያፈሰስከው ውሃ ተንከባሎ ይሄዳል። በለብታ የዝናብ ውሃ እንደ ሊጥ እያሸሁ ነው ያራስኩት፤ ጣቶቼ ተሸበሸቡ። ከዚያ ሁለት እጅ ፒት፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ ግማሽ እጅ ደግሞ ፐርላይት፣ ያ በእሳት የፈካው ነጭ ድንጋይ፣ ገንዳ ውስጥ ደባለቅኩ። ስጨርስ ዓርብ ምሳ ሰዓት አልፏል።

አጎቴ ከገንዳው ቆንጠር አድርገው አሸተቱ።

«ይሄ እኮ ምንም የለውም። ሽታ እንኳ የለውም።»

«ምንም እንዳይኖረው ነው ሁለት ቀን የለፋሁት።»

«ልጄ፣ ነፍስ ያለውን ነገር ባዶ ቤት አያስገቡትም።»

«ጋሼ፣ በቃ አይንኩብኝ። አይገባዎትም።»

እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። እኔ ለአፍታ ብዬ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ፤ አፍታው እንቅልፍ ሆነ።

ስነቃ ሰዓት ተኩል ሄዷል። ከመትከሌ በፊት እንደ ልማዴ ከገንዳው ጥቂት ውሃ ጨምቄ የመለኪያውን ብዕር ነከርኩበት። ውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨውና ማዕድን የሚቆጥር ዕቃ ነው። ከሃምሳ በታች ማለት ነበረበት። አራት መቶ ሠላሳ አለ። አጥቤ ደገምኩት። አራት መቶ ሠላሳ።

ዓይኔ ደም ለበሰ። ምሩቁ ከሁለት ሴቶች ጋር የጽጌረዳ ቁራጭ ሲያዘጋጅ ደረስኩበት።

«አንተ ምቀኛ! ሰው አሳቀችብኝ ብለህ ነው? ማዳበሪያህን ገንዳዬ ውስጥ ከተትከው? ያንን ዲግሪህን አውርደህ ቀቅለህ ጠጣው!»

መቀሱን አስቀመጠ። «ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ጠረጴዛ አልተነሳሁም። ጠይቂያቸው።»

ሴቶቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ «ምሳውንም እዚሁ ነው የበላው» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለኔ አፍራ።

«እሱን ተይው» የሚል ድምፅ መጣ። አጎቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። «እኔ ነኝ።»

«ምን አደረጉ?»

«ሦስት እፍኝ ፍግ። የበሰለውን፣ ለራሴ አበቦች ያስቀመጥኩትን። የአጥንት ዱቄትም ጣል አድርጌበታለሁ። እንዲያ ደክመሽ ስትተኚ አየሁሽና… እንዲህ የለፋሽላቸው በራብ ከሚያልቁብሽ ብዬ።»

ሰው ሁሉ ስድብ ሲጠብቅ እኔ ወደ ገንዳው ተመልሼ እጄን ከተትኩ። ጭራሽ እዚያ ነው የባሰብኝ። አንድ ቦታ ጥለውት ቢሆን በማንኪያ አወጣው ነበር። አጎቴ ግን ባለሙያ ናቸው፤ ፍጉን ከዳር እስከ ዳር አዳርሰው፣ አንድ ጓል ሳያስቀሩ አዋህደውታል። ከፒት ላይ ፍግ አጥቦ ማስለቀቅ ደግሞ ከወተት ውሃውን መልቀም ነው።

የተረፈኝን አየሁ። ሩብ እስር ፒትና አንድ ባልዲ ያልታጠበ አሸዋ። ቢበዛ ሃያ ፖት ይሞላል።

«ሃያውን ምረጪ» አሉ አጎቴ። «ቆንጆ ቆንጆዎቹን በፖት አቁሚያቸው። እትዬ ሃያ ካዩ ምናልባት ይታገሱሽ ይሆናል።»

«ስልሳውስ?»

ጋዜጣው እየደረቀ ነው፤ ሌላ ፒት እስኪገኝ ሳምንት ያልፋል፣ እነሱ ደግሞ ሳምንት አይቆዩም። ጋዜጣውን እየገለጥኩ መምረጥ ጀመርኩ። አንዱ ትልቅ ነው፣ ይትረፍ። አንዷ ትንሽ ናት፣ ግን ከዘር ያወጣኋት ናት። አንዱ ቅጠሉ ተሰብሯል፣ ግን ገና ዛሬ አዲስ አፍ እየከፈተ ነው። ዘጠነኛው ላይ ተውኩት።

ሌላ መንገድ ነበር። ሰፊና ጠለቅ ያለ ትሪ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቢደረደሩ ያችው አፈር ለሰማንያው ትበቃለች። ተፋፍገው ይኖራሉ፤ ነገር ግን በፖት አልቆሙም። ጥጉ ሄደ ማለት ነው። ይህንን እያወቅኩ ነው የተነሳሁት።

ሰፊ ትሪ ያለው ምሩቁ ጋ ብቻ ነው።

«ሁለት ትሪ ፈልጌ ነበር» አልኩት። መቀሱን አንስቶ መቁረጡን ቀጠለ። «ደሞ… ይቅርታ።» ቃሉን እንደ ዓሣ አጥንት ተፋሁት።

«ዲግሪዬ ገና እየፈላ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ሲበርድልኝ እናወራለን።» ከዚያ በእግሩ ሁለት ትሪ ከጠረጴዛው ሥር ገፋልኝ።

አሸዋውን አጎቴ አጠቡ። አይንኩ አላልኳቸውም። እኔ ፒቱን እያሸሁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልነገርኳቸውን ነገርኳቸው። ትውልዳቸው ዝናብ ያለውን ሁሉ አጥቦ የወሰደበት ረግረግ እንደሆነ፣ መሬቱ ምግብ ስለነፈጋቸው ዝንብ ማደን እንደለመዱ፣ ሥራቸው ከውሃ ሌላ መቀበል እንደማያውቅበት፣ ጥጋብ እንደሚያቃጥለው።

«እንግዲህ ይሄንን ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ደክሞኝ ነበር።»

እውነት ነው፣ ያን ቀን ደክሞኝ ነበር። ሦስቱን ዓመት ሁሉ ግን አልደከመኝም። አጎቴም ያውቁታል፤ የደፈረሰውን ደፍተው ሌላ ውሃ ሞሉ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ መጡ። ሁለቱን ትሪዎች አዩ፤ ሰማንያው እንደ ሠልፈኛ ተጠጋግተው ቆመዋል።

«ፖቶቹስ?»

«አልደረሱም።»

«ለምን?»

አጎቴ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው። «አፈሩን አበላሸሁት።»

«እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ ፍጉን…»

«ጋሼ!»

እትዬ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። እሳቸውም የደከማቸው መሰለኝ። «ማንም ይሁን ማን። ጽጌረዳው ሰኞ ይገባል። መጥረጊያው የት እንዳለ ታውቂያለሽ።» ሁለት እርምጃ ሄደው ዞሩ። «ከውሃ ታንከሩ ጎን ያለው መደርደሪያ ባዶ ነው። እነዚህን እዚያ አድርጊያቸው፣ መንገድ አይዝጉብኝ።»

ለጥል የሚሆን ጉልበት አጣሁ፤ ለምስጋናም። መደርደሪያው ጠባብ ነው፣ ግን ብርሃን ያገኛል።

ውሃ የጠገበ ትሪ ከባድ ነው። አጎቴ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ይዘን አንደኛውን አደረስን። ሁለተኛውን ይዘን መንገድ እኩሌታ ላይ አጎቴ ቆሙ።

«ቆይ ትንሽ፣ ልጄ።»

ትሪውን መሬት አስቀመጥንና ግራና ቀኙ ተቀመጥን። አንድ ዝንብ መጥቶ ጠርዙ ላይ ዞረ፣ ሳያርፍ ሄደ። አጎቴ ጉልበታቸውን እያሹ እኔን ያያሉ፣ እኔ ደግሞ እሳቸውን አያለሁ፤ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ እየተጠባበቅን።