የትልቋ ልጄ ዌብሳይት

ትልቋን ልጄን ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ነው የሚላት። ፊት ለፊት አይሏትም፣ እኔ ግን እሰማለሁ። እንዲያውም ካነሳሁት አይቀር ስሙን ያወጣሁላት እኔው ነኝ። መጋረጃ የምትሰቅለው በማስመሪያ ለክታ ነው። ዳቦ ስትቆርጥ እንኳን ጎንበስ ብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ በሌላው አነጣጥራ ነው። ምን ታድርግ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጣ የሰርግ ካርድ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ ካላንደር፣ ፖስተር ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ዲዛይነር ይሏታል። ማሽኑ ከማተሙ በፊት ፊደሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ቀለሙ ምን እንደሚሆን የምትወስነው እሷ ናት።

እኔም ከዚህ ሥራ ብዙ ተጠቅሜያለሁ፣ አልዋሽም። ማን ሊያገባ እንደሆነ ሰፈሩ ሳይሰማ እኔ እሰማለሁ፤ ካርዱ የሚሠራው እሷ ዘንድ ነዋ! «እማ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» ትለኛለች። «ሞቼ ልነሳ!» እላታለሁ። ጫማዬን ካጠለቅኩ በኋላ ግን እግሬ ራሱ ነው ጎረቤት የሚወስደኝ። አንዴ ማዶ ያለው ባለ ጋራዥ የሰርግ ካርድ አሳተመ። ካርዱ ላይ የተጻፈችው ሙሽራ እኛ የምናውቃት እጮኛው አልነበረችም። ያንን ወሬ ሁለት ሳምንት ነው የኖርኩበት።

እንግዲህ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሞተ። ልጆቹ ማሽኖቹን እንደ ቁርጥራጭ ብረት በኪሎ ሸጡ፣ ቤቱን ለሶፋ ነጋዴ አከራዩት። ልጄም በአርባ ሰባት ዓመቷ እቤት ቁጭ አለች። ዓመት ከምናምን ያንንም ያንንም እየለቃቀመች ቆየች። መቼም እኔንም የምታኖረኝ እሷ ናት፣ የምኖረውም እሷ ጋ ነው።

በኋላ አንድ የማሸጊያ ካርቶን የሚያመርት ትልቅ ድርጅት ዲዛይነር ይፈልጋል ተባለ። ያቺ የእኔ ሞኝ ሥራዎቿን በትልቅ ጥቁር ቦርሳ ታቅፋ ሄደች። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ቦርሳውን ገና ሳታስከፍታት «ወረቀት አንቀበልም፣ የዌብሳይትዎን ሊንክ ይላኩልን። ሦስት ሳምንት አለዎት» ብላ መለሰቻት።

«ዌብሳይት ምንድነው ደሞ?» አልኳት ስትመጣ።

«ሥራዬን የማሳይበት ቦታ ነው። ስልክ ያለው ሁሉ ገብቶ የሚያየው።»

«እንደ ሱቅ መስኮት?»

«እንደ ሱቅ መስኮት። ግን ሱቁን የምሠራው እኔ ነኝ።» ሳቀች፣ ሳቋ ግን ደረቅ ነበር። «ይሄ ካመለጠኝ እማ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ የሚጠራኝ የለም።»

ተማረች። ኮምፒዩተሩ ላይ ፀጉሩ እንደ አውራ ዶሮ የቆመ አንድ ልጅ አለ፣ በቪዲዮ የሚያስተምር። «እዚህ ጋ ክሊክ ታደርጋላችሁ፣ በጣም ቀላል ነው» ይላል፣ ይሮጣል። እሷ ትጮህበታለች፦ «ቀስ በል አንተ!» እኔ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ አትክልት እከትፋለሁ። «ተይው፣ አይሰማሽም። ደሞ ሸሚዙን አይተሽዋል? ትናንትም ይሄንኑ ነው የለበሰው» እላታለሁ።

ያስለቀሳት ምን መሰላችሁ? ጠርዝ ማጣቱ። ወረቀት ጫፍ አለው፣ ትለካዋለሽ፣ ያልቃል። ማስመሪያዋን አምጥታ ስክሪኑ ላይ አስደግፋ ለካች፣ እኔው በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ልክ አድርጋ የደረደረችውን በእኔ ስልክ ስትከፍተው ፎቶው ጽሑፉ ላይ ወጥቶ ቁጭ ብሏል፣ ጽሑፉ ተጨፍልቆ ዳር ይዟል፣ በቃ እንደ ማታ ታክሲ። «ይሄ ነገር ማለቂያ የለውም እማ! በየስልኩ ሌላ ነው!» ብላ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ማግስቱን ተነስታ እንደገና ጀመረች። ስንት ጊዜ እንዳፈረሰችው አልቆጠርኩም።

ጨረስኩ ያለች ቀን ምን አደረገች? ዌብሳይቱን በሙሉ ወረቀት ላይ አተመችው! ሠላሳ ምናምን ገጽ። ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ማረም ጀመረች።

«አንቺ፣ ይሄ ነገር ወረቀት እንዳይሆን አይደል ስትለፊ የከረምሽው?»

«እማ፣ አንዴ አሥር ሺህ ካርቶን በስህተት ታትሞብኝ ያውቃል። የታተመ አይመለስም።»

«ይሄማ በፈለግሽው ሰዓት ይታረማል አላለሽም፣ ያ ባለ ፀጉሩ?»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ» አለች። ያኔ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

የዌብሳይቱ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠችው የእጆቹን ካላንደር ነው። ለአንድ ክሊኒክ የሠራችው ነው፣ ለየወሩ አንድ እጅ። መርፌ ላይ ክር የሚያስገባ እጅ፣ ቁልፍ የያዘ እጅ፣ ሕፃን ትከሻ ላይ ያረፈ እጅ። እጁ የእኔ ነው። ኩሽና ጠረጴዛው ጋ አስቀምጣኝ፣ «አትንቀሳቀሺ» እያለችኝ፣ አንገቴ እስኪደርቅ በእርሳስ ስትስለኝ ከርማ ነው ወደ ኮምፒዩተር ያስገባችው። ይቺ ትንሿ ጣቴ በልጅነቴ በር ዘግቶባት ጠማማ ናት። ሥዕሉ ላይም እንደ ጠመመች አለች። «አቅኚልኝ እንጂ» ብላት እምቢ አለችኝ።

ላከችው። በሳምንቱ ድርጅቱ ጠርቶ አነጋገራት፣ ደስ ብሏት መጣች፣ ወንበሯን ሁሉ አሳይተዋታል። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ሳህን እያጠበች ስለነበር ድምፁን ለቃው ሁለታችንም ሰማነው።

«አንድ ነገር ግራ ገብቶን ነው» አለች ሴትየዋ፣ ትሁት ናት ድምጿ። «የእጆቹን ካላንደር ሌላ ዌብሳይት ላይ አገኘነው። ሌሎች አራት ሥራዎችም አሉ። ከእርስዎ ሁለት ዓመት ቀድሞ የወጣ ነው።»

ልጄ እጇን ሳታደርቅ ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ገጹ የአማቼ ነው፤ የትንሿ ልጄ ባል። ከረቫት ነው የምለው፣ ሲተኛም የሚያወልቀው አይመስለኝም። ድሮ እዚያው ማተሚያ ቤት ደንበኛ የሚያመጣ ሠራተኛ ነበር። ናሙናዎቹን ይዞ የሚዞረው እሱ ነበር። በኋላ የራሱን የማስታወቂያ ቢሮ ከፈተ። የእኔ እጅ የገጹን ግንባር ሞልቶታል፣ ከሥሩ የእሱ ስም።

የሚታተም ነገር ላይ የዲዛይነር ስም አይወጣም፣ ታውቃላችሁ? የማተሚያ ቤቱ ስም ብቻ ነው ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው። የእርሳስ ንድፎቹ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቀርተዋል፣ ዋናው ሥራዋ ያለበት ኮምፒዩተር ደግሞ ከማሽኖቹ ጋር ተሽጧል።

አሁን ወደ እኔ እንምጣ። ያንን እጅ እኔ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ። ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ አወራሁ፦ «እጄ አማቼ ቢሮ አለ፣ በር ያህላል!» ለትልቋ ግን አልነገርኳትም። እሱ ትንሿን ጥሎ ስምንት ወር ሌላ ሴት ጋ ከርሞ የተመለሰ ሰሞን ስለነበር፣ ትልቋ ስሙ ሲነሳ ፊቷ ይጠቁር ነበር። ምን ብዬ ላንሳው?

ሴትየዋ «አብሮዎት የሠራ ሰው እንጠይቃለን» ብላ ነበር። ባለቤቱ ሞቷል። የማሽኑ ሰውዬ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የሚቀረው ከረቫት ነው።

«እኔ ልሂድ» አልኳት። «እውነቱን እንዲናገር አደርገዋለሁ። እኔን እምቢ አይልም።»

«እማ፣ ወሬ ታበዢያለሽ።»

«ለሱ ነዋ የምሄደው!»

ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ትንሿ ናት። ሳሎናቸው ሶፋው አሁንም ከነላስቲኩ ነው፣ ስትቀመጪበት ይንኮሻኮሻል። እሱ ብድግ አለ።

«እማማ! ምን እግር ጣለዎት?»

ነገርኩት። ቁጣ የለ ምን የለ፣ ከረቫቱን እያስተካከለ ሰማኝ።

«አብረን እኮ ነው የሠራነው እማማ። እኔ ደንበኛውን ባላመጣ ለማን ትሠራ ነበር?»

«እሱስ ልክ። ግን እጁን የሳለችው እሷ ናት። ተቀምጬ የተሳልኩት እኔ ነኝ።»

«ደንበኞቼ ያንን እጅ አይተው ነው የሚመጡት። ዛሬ የእሷ ነው ካልኩ ነገ የቀረውስ የማን ነው ይሉኛል። ቢሮው ይዘጋል፣ ልጅዎንም በምን አኖራታለሁ?»

ይሄን ሲል ስልኩ ጮኸ። አነሳው፣ ድምፁ ቅቤ ሆነ።

«አዎ፣ አዎ፣ በሚገባ አውቃታለሁ። ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች። ፊደል ታስተካክልልን ነበር። ሃሳቡም ሥዕሉም ግን የእኔ ነው።»

ፊደል ታስተካክል ነበር! ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ቀና ብሎ አየኝና «እንዲያውም እናቷ እዚሁ አሉ፣ ይጠይቋቸው» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። ሳቅ ይል ነበር። ትንሿ ልጄ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች፣ ፎጣ በእጇ። ያን ስምንት ወር እኔ አልጋ ላይ ነበር የምትተኛው፣ አጥንቷ እየወጋኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ጭንቅላቷን ወዘወዘች፣ በጣም ትንሽ።

«እናቴ፣ ይቅርታ አስቸገርኩዎ» አለች ያቺው የድርጅቱ ሴትዮ። «የእጆቹን ካላንደር ማን እንደሠራው ያውቃሉ?»

ስልኩን የያዝኩበት እጄ ላይ ያቺ ጠማማ ጣቴ ወደ ውጭ ወጥታለች። ከረቫትም አያት።

«ልጄ፣ እኔ አልተማርኩም። የወረቀት ነገር አላውቅም።»

«ልጅዎ ቤት ስትሥለው አይተው አያውቁም?»

ሰው ሲፋታ፣ ሰው ሲወልድ፣ ሰው ሲሰርቅ ያላወራሁት የለም። ማንም ሳይጠይቀኝ ስንት ሰው ጉድ አውጥቻለሁ። ተጠየቅኩ እንግዲህ፣ በሥርዓት፣ «እናቴ» ተብዬ።

«ሁለቱም ልጆቼ ናቸው» አልኩ።

«ገባኝ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋችው። ምን እንደገባት እንጃ።

ሻይ መጣ። ጠጣሁት፣ ስኳር አብዝተውበታል። ትንሿ መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ። እሱ በመኪናው ሸኘኝ፣ ግን መታጠፊያው ላይ ነው ያወረደኝ፤ ቤታችን ድረስ አልደፈረም።

«ምን አለሽ?» አለችኝ ትልቋ።

«አላገኘሁትም» አልኳት።

በሁለተኛው ቀን የድርጅቱ መልስ በኢሜይል መጣ። ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው ያነበበችው፣ ሁሌም ለእኔ ስለምታነብልኝ። «ያነጋገርናቸው ሰዎች፣ እናትዎን ጨምሮ፣ ሥራዎቹ የእርስዎ መሆናቸውን ሊያረጋግጡልን ስላልቻሉ...» እዚያ ስትደርስ ቆመች። ተመልሳ አነበበችው፣ ሁለተኛውን በልቧ።

«እማ።»

«ወዬ።»

«ምን አልሻቸው?»

«አልተማርኩም አልኩ። ምን ልበል ልጄ? እህትሽ በሩ ላይ ቆማ...»

«ያየሽውን አትናገሪም ነበር?»

ብትጮህብኝ መልስ ነበረኝ። ስለ እህቷ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ እርጅናዬ እደረድርላት ነበር። አልጮኸችም። ኮምፒዩተሩን ወደ እሷ አዙራ ዌብሳይቷን ከፈተች፣ የእጆቹን ካላንደር ነካ አደረገችው፣ ጠፋ። ያን ሁሉ ቀን የለፋችበት። ባዶ ቦታ እንኳን አልቀረም፤ ከሥር የነበረው የመድኃኒት ካርቶን ሽቅብ ወጥቶ ቦታውን ያዘ።

«ምነው አነሳሽው? ያንቺው አይደል?»

«ሌላ ድርጅትም ለምስክር ይደውላል እማ» አለች፣ ሳታየኝ። «እናቴ እንኳን አታውቀውም።»

አሁን ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትውለው። ለልጆች ፈተና ታባዛለች፣ ትጠርዛለች፣ ለሥራ ፈላጊ የሥራ ልምድ ትጽፋለች። ጠርዙ ትንሽ ከጠመመ እንደገና ቆርጣ ትሰጣቸዋለች አሉ፣ ባለ ሱቁ ወረቀት ፈጀችብኝ እያለ ይነጫነጫል። ማታ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። «ዛሬ ምን ሰማሽ?» ብላት «ምንም» ነው።

ሰፈሩ መጠየቁ አይቀርም፤ ሥራ ልትገባ ነው ብዬ ያወራሁት እኔው ነኛ። «ያ ትልቅ ድርጅት ምን ሆነ?» ይሉኛል። «ደሞዙ አነሰባትና ራሷ ተወችው» እላለሁ። ያምኑኛል። ወሬ በእኔ በኩል ከመጣ የሚጠራጠር የለም።

ባለፈው በር ላይ ቆሜ ይሄንኑ ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ ስነግራት ልጄ ከሥራ መጣች። ልብስ ሰፊዋ መቼም አፏ አያርፍ፣ ልክ እንደ እኔ ናት።

«እናትሽ እየነገረችኝ ነበር እኮ! ያንን የመሰለ ሥራ እምቢ አልሻቸው አሉ?»

ልጄ አየችኝ።

«አዎ» አለች። «መንገዱ ራቀብኝ።»

ገባች። ልብስ ሰፊዋ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ ወደ እኔ ዞረች።

«ደሞዙ ነው አላልሽኝም እንዴ?»

«መንገዱም፣ ደሞዙም» አልኳትና ቶሎ ወሬ ቀየርኩ።