የሁለት ሰዓቱ ሰርቨር

አክስቴ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ኃላፊ ናት። ሕመምተኞች ከቤታቸው ሆነው ቀጠሮ የሚይዙበትን ድረ ገጽ እኔንና ባልደረባዬን ያሠራችን እሷ ናት። ገጹ ግን ሁለት ቀን በተከታታይ፣ ልክ ቀጠሮ በሚከፈትበት በጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ቀጥ አለ። ዳይሬክተሩ "ዛሬም ከቆመ ወደ ወረቀት እንመለሳለን፤ ሰዉም እንደ ድሮው ጎህ ሳይቀድ ይሰለፍ" አሏት።

በዚያው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከባልደረባዬ ጋር ካርድ ክፍሉ ጥግ ላፕቶፕ ከፍተን ተቀመጥን። ባልደረባዬን "ጨምርበት" እንለዋለን። ገጹ ያለበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ በተጨናነቀ ቁጥር ጥያቄ የሚያስተናግድ አንድ ፕሮሰስ እየጨመረበት ከአራት ወደ አሥራ ሁለት አድርሶታል።

"እያንዳንዱ ፕሮሰስ የሐኪሞቹን ፕሮግራም በሙሉ ለብቻው ሜሞሪ ላይ ይጭናል" አልኩት። "አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ከነሙሉ ቁም ሳጥኑ አንድ ክፍል ውስጥ እንደ ማጨቅ ነው፤ ሜሞሪው ሲሞላ ገጹ ይቆማል። ሦስት እናድርገውና ለእያንዳንዱ አራት ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ አራት ሠራተኞች፣ እንስጠው። አራቱ አንድ ቁም ሳጥን ይጋራሉ።"

"አሥራ ሁለት ያቃተውን ሦስት ሊችለው? ጤናህን ነው?"

"አብዛኛውን ጊዜ እኮ መዝገቡ ያለበት ዳታቤዝ እስኪመልስላቸው ቁጭ ብለው ነው የሚጠብቁት፤ አንዱ ትሬድ ሲጠብቅ ሌላው ይሠራል።"

ሜሞሪውን ለክቼ አሥራ ሁለቱ እንደሚሞሉት አሳየሁት። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍነውን ኮድ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ጀመረ።

"ቆይ፣ ቆይ! የሚጋሩ ከሆነ ይቺ መስመር ጉድ ታፈላብናለች። የሕመምተኛውን ስም ለሁሉም የጋራ የሆነ ቦታ ላይ ነው የምታስቀምጠው። የአንዱ ሰው ቀጠሮ በሌላው ስም ሊመዘገብ ነው!"

መስመሯን የጻፍኳት እኔ ነበርኩ። ፕሮሰሱ አንድ በአንድ ሲያስተናግድ ችግሯ አልታየኝም። እሱ ባይደርስልኝ የሰዉን ቀጠሮ አምታትቼ ነበር። ስሙ ከየጥያቄው ጋር ብቻ እንዲሄድ አስተካከልናት፤ ፕሮሰሶቹንም ሦስት አድርገን በአክስቴና በእሱ ስልክ በአንድ ጊዜ የቀጠሮ ጥያቄ እየላክን ደጋግመን ሞከርን። ስሞቹ አልተምታቱም።

ሁለት ሰዓት ሆነ። አክስቴ ከኋላችን ቆማ ወንበሬን ጨብጣለች።

"እንዴት ነው ልጄ?"

"ሜሞሪው ግማሽም አልሞላም።"

ከሩብ ሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ብቅ አሉ። "ቆመ እንዴ?"

"ኧረ ምን ቆሞ!" አለች አክስቴ። "መቶ አርባ ሰው ቀጠሮ ይዟል። አንዲት እናት ብቻ ዘገየብኝ ብለው ደወሉ፤ እሳቸውም አግኝተዋል።"

ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩ። "የክትባት ክፍሉንስ በዚሁ ማስገባት ይቻላል?"

አክስቴ ወደ እኛ ዞረች። ሁለታችንም በእሺታ ራሳችንን ነቀነቅን።

"ይቻላል" አለቻቸው። "አንድ ሳምንት ብቻ ይስጡን።"