የማለዳው ጡጦ

«ምን በድላ ነው እንዲህ የሚመላለስባት?»

አያት ይህን የጠየቁት ግድግዳውን ነው። ከወዲያኛው ክፍል ልጃቸው ጥርሷን ነክሳ ስታቃስት ይሰማል። የግራ ጡቷ እንደገና ተወጥሯል። ከብብቷ ዝቅ ብሎ እንደ ድንጋይ የጠጠረ እብጠት ወጥቷል፤ ቆዳው ቀልቷል። ባለፈው ሰሞን ሕፃን ልጇን ድንቡሼን ደጋግማ ስታጠባው ለቋት ነበር። «ተመስገን» ብለው ሳይጨርሱ ይኸው ተመለሰ። ደግሞ ሁልጊዜ የሚብስባት ረፋድ ላይ ነው።

ድንቡሼ የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ጉንጮቹ ናቸው። አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ብቅ ብሎ ይጠፋል። እሷም ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት እንደመጣች እዚያው ቀረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ሳሎን ተክላ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ትሰፋለች። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇን በራሷ ጡት ማሳደግ። «የምሠራው ሁሉ የሰው ነው፤ ለሰው ሰፍቼ ለሰው እሰጣለሁ። ይሄ ግን የኔና የሱ ነው» ትላለች።

ለአያት ግን የሚታያቸው ሌላ ነው። ልጃቸው ከስታለች። ዓይኗ ጎድጉዷል። ቁልፍ ስትተክል መርፌው እጇ ላይ እንዳለ ታንቀላፋለች። እናት ይህን እያየች እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል? እናም ሰማዩ ገና መንጋት ሲጀምር፣ ድንቡሼ ሲንቀሳቀስ፣ ኮሽታ ሳያሰሙ ብድግ ያደርጉትና ወደ ማድቤት ይዘውት ይሄዳሉ። እዚያ ከዱቄት ዕቃው ጀርባ የደበቁት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለ። መነጽራቸውን አጥልቀው፣ የቆርቆሮውን ጽሑፍ እንደ ፈተና ወረቀት ደጋግመው አንብበው፣ ውሃውን አፍልተውና አብርደው፣ የእጅ አንጓቸው ላይ ጠብ አድርገው ሙቀቱን ይለካሉ።

«ጠጣ የኔ ጌታ፣ ሌባው ጓደኛዬ» ይሉታል ጡጦውን እያጎረሱት። «እናትህ ትተኛበት። ከነገርካት ግን ጉንጭህን እበላዋለሁ።»

ድንቡሼ ጠግቦ ይተኛል። እናቱም ፀሐይ እስኪከር ትተኛለች። ተነስታ «ዛሬም አልነቃም? ምን ዓይነት ደግ ልጅ ነው የሰጠኝ!» ስትል፣ አያት ጀርባቸውን ሰጥተው የታጠበውን ሳህን እንደገና ያጥባሉ።

እብጠቱ በተመለሰባት በዚያ ቀን ትኩሳትም ሲይዛት አያት ጤና ጣቢያ ይዘዋት ሄዱ። ነርሷ እብጠቱን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰች።

«በኃይል አትሺው፣ ይብስበታል። ዋናው ወተቱ እንዳይጠራቀም ነው። ሳታጠቢ የምታሳልፊው ጊዜ አለ?»

«ኧረ የለም! ቀንም ሌሊትም አጠባዋለሁ። ብቻ ከንጋት በኋላ እስከ ረፋድ ድረስ ዝም ብሎ ይተኛል።»

ነርሷ ቅንድቧን ሰበሰበች። «እንዲህ የሚያስተኛው ምንድን ነው? ማለዳ እኮ ወተቱ ሞልቶ የሚጠብቅበት ሰዓት ነው። ሳይጠባ ሲቀር መስመሩ ይዘጋል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ሳይሆን አይቀርም።» ከዚያ ወደ አያት ዞረች። «እማማ፣ እርስዎ ማለዳ ይነሳሉ መቼም። ቀስቅሰው ያስታቅፏት፣ እሺ?»

«እሺ የኔ ልጅ» አሉ አያት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሲመለሱ ልጃቸው ክንዳቸውን ተደግፋ፣ «እማዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለቻቸው። ያቺ ቃል ከስድብ በላይ አቃጠለቻቸው። «ነገ እነግራታለሁ» ብለው ለራሳቸው ማሉ። ቤት ሲደርሱ ግን ቆርቆሮውን ከዱቄት ዕቃው ጀርባ ይበልጥ ወደ ውስጥ ገፉት።

በማግስቱ ማለዳ ድንቡሼን ቀስቅሰው ለእናቱ አስታቀፏት። ወተቱ በተዘጋው በኩል እያንጠባጠበ እንጂ እየፈሰሰ አይመጣም። ድንቡሼ ትንሽ ሳበና ጡቱን ተፋው። ተንፈራገጠ፤ ፊቱን አዞረ፤ ቤቱን በጩኸት አናጋው። ቀኙን ሰጠችው፤ እሱንም እምቢ አለ።

«እማዬ፣ ልጄ ጠላኝ!» ብላ አለቀሰች። «ገላዬን ጠላው!»

አያት ይህን መስማት አልቻሉም። እግራቸው በለመደው መንገድ ወደ ማድቤት ወሰዳቸው። ሲመለሱ ጡጦው እጃቸው ላይ ነበር።

«እስቲ ለዛሬ ብቻ ይሄን እንሞክር፤ ከጎረቤት ነው ያገኘሁ...»

ውሸቱን ሊጨርሱት አልታደሉም። ድንቡሼ ጡጦውን ሲያይ ለቅሶው በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ አለ። ለአያቱ ፈገግ አለላቸው። በሁለት እጁ ጡጦውን አቅፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ የከረመ ወዳጁን እንዳገኘ ሰው ጎረሰው።

ልጃቸው የሕፃኑን እጆች አየች። ከዚያ የእናቷን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እንድትተኚ ብዬ ነው እኮ...»

«ሲያመኝ እያየሽ?»

«አላወቅኩም ልጄ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ነርሷ ትናንት እስክትናገር ድረስ...»

«ትናንት አውቀሻላ። ክንድሽን ይዤ ስመጣ አውቀሻል።»

«አንቺ ልጅ አለሽ» አሉ አያት። «እኔስ? እኔም እኮ ልጅ አለኝ።»

ድንቡሼ ጠጥቶ ሲጨርስ ልጃቸው ጡጦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የልጁን ልብሶች አንድ በአንድ አጣጥፋ ቦርሳ ውስጥ ከተተች። በግማሽ የቀረውን የተማሪ ሸሚዝ ከመኪናው ላይ አንስታ አጠፈችው፤ መኪናውን በጨርቁ ሸፈነችው። አያት ከኋላ ከኋላዋ እያሉ፣ «ትኩሳት አለብሽ እኮ... ብርድ ይመታሻል... ቢያንስ አንገትሽ ላይ ጣል የሚደረግ ነገር...» ይላሉ። ለስፌት መኪናው የሚያወሩ ይመስል ነበር።

ልጇን አቅፋ በሩን ከፈተች። ደፍ ላይ ስትደርስ ቆማ ዞር አለች። አያት እጃቸውን ዘረጉላት።

ተመልሳ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ጡጦውን አነሳችው፤ አፉን በልብሷ ጫፍ ጠረገችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወጥታ ሄደች።