ኮፍያው ረጠበ ወይ?

ለድሬዳዋና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፣ በተለይም ለመጋላ በርጫ ቤቶች፦ አቶ ክፍሉ ዘርዓብሩክ ዛሬ ከቀትር በኋላ ከፊታቸው የነበረውን ጫት ሳይጨርሱ ከፍራሻቸው ተነሥተው መውጣታቸውን በጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። የጫቱ ሥርዓተ ፍጻሜ በቅርብ ወዳጆቻቸው ጉንጭ ውስጥ በዚያው ዕለት ተከናውኗል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ክፍሉ ማለት የጎረቤት ቤት ሲቃጠል «ይቺን ቀንበጥ ልጨርስና» ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። ሥራው ትራንዚተርነት ነው፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ያወጣል፣ ራሱን ግን ከሂሻም በርጫ ቤት ማውጣት ተስኖት ኖሯል። ያን ቀን ያስነሣችው ጅቡቲ ናት።

ጅቡቲ የተወለደባት ከተማ ናት። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ በድሬ አፍ ሸሚኖ፣ ነበሩና ክፍሉንና እህቱን ማዘንጊያን እዚያ ባሕሩ አፍ ላይ፣ ዝቅ ባለው ሰፈር አሳደጉ። ክፍሉ ወደ ድሬ ከመጣ ወዲህ ግን ስሟን ጠርቶ አያውቅም። «ያቺ ምድጃ» ነው የሚላት። «እግዜር ሲኦልን ሠርቶ ሲጨርስ የተረፈውን ሲሚንቶ እዚያ ደፋው» ይላል።

የዚህ ሁሉ ጥላቻ ምክንያቱ ሙቀቱ ቢሆን ምን ነበረበት! ምክንያቱ ኮፍያ ነው። አባትየው ሲሞቱ ያን ጥቁር የባቡር ኮፍያ ማን ይውሰድ ተባለ። ክፍሉ «ወንዱ እኔ ነኝ» አለ፤ ማዘንጊያ «ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ» አለች። ሽማግሌ ገባ፣ ቄስ ገባ፣ በዚህ መሐል ኮፍያው ጠፋ። የት እንደደበቀችው ከማዘንጊያ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ባሏ እንኳ ፈልጎ አጥቷል። ወንድምና እህት በዚያው ተኮራርፈው ቀሩ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ብል ለበላው ጨርቅ!

እንግዲህ ያን ቀን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የተነሣ አውሎ ነፋስ ጅቡቲ ላይ ወጣ። ዝናብ እንደ ሩቅ ዘመድ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ፣ ያውም ሳይቀመጥ የሚሄድባት ከተማ፣ ሰማዩም ባሕሩም ባንዴ ገቡባት። የከተማዋም ስልክ ድርግም አለ።

በሂሻም ቤት ሐዘኑ ወዲያው ተደራጀ። የባንክ ሠራተኛው ዳጊ በዕድሜው ከቅርቧ ሁርሶ አልፎ አያውቅም፤ ነገር ግን ፌስቡኩ ላይ «ልቤ ከጅቡቲ ጋር ነው» ብሎ የሻማ ሥዕል ለጥፎ፣ ስንት ሰው እንዳጽናናው ይቆጥራል።

«አቦ ክፍሉ፣ ሰው እኮ በጣም አዘነልኝ!»

«አንተ ምን ሆነህ ነው የሚታዘንልህ? ውሃው ባንክህ ገባ እንዴ?»

«ያደግህበት አገር አይደል? ትንሽ አታዝንም?»

«የምን ማዘን! ይታጠቡ። ከተማዋ ከተቆረቆረች ውሃ ነክቷት አያውቅም።»

ሁሉም ሳቀ። የቤቱ ጌታ ሂሻም ብቻ አልሳቀም። «ተው አንተ ሰው» አለ። «ደቻቱ ወንዝንም አሸዋ ነው ብለን ስንቀልድ ነው የመጣብን። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ።» የሂሻም አክስት በደቻቱ ጎርፍ ነው የሄዱት።

ዳጊ ግን የቆየ ጎርፍ አይጥመውም። ስልኩን ክፍሉ አፍንጫ ሥር ወሸቀው። «እየው፣ እየው! ስልኩ ሳይቋረጥ የወጣ ቪዲዮ ነው፤ ፍሪጅ ሲዋኝ!»

ክፍሉ ንቆ ገልመጥ አደረገው። ፍሪጁ በእርግጥ ይዋኛል። ከፍሪጁ ኋላ ግን አባቱ ከሐዲድ ቁራጭ የሠሩት የበር ቋሚ ይታያል። ውሃው አናቱ ላይ ሊወጣ ስንዝር ቀርቶታል። ማዘንጊያ የምትኖረው ከዚያ በር ውስጥ ነው።

ቀንበጡን አስቀመጠና ተነሣ። በማስታወቂያው የተነገረው ይኸው ነው።

ከሂሻም ቤት ማዶ የጫት ነጋዴዋ ሸፊቃ ለጅቡቲ ጫት ታስጭናለች። ባቡሩ ቆሟል፤ አውሮፕላኑ ቆሟል፤ የእርዳታው መኪና ኮሚቴ ተቋቁሞለት፣ ኮሚቴው ስለ ባነሩ ቀለም ይወያያል። የሸፊቃ አይሱዙ ግን ሞተሩን አሙቋል። ከሰማይ እሳት ቢዘንብ ጫት ጅቡቲ ይገባል፤ ይህን የማያውቅ ኮሚቴ ብቻ ነው።

«ሾፌርሽ የማዘንጊያን ቤት ያውቀዋል?»

«ባሏ ደንበኛዬ አይደል? ምስኪን! ምን እናስብልልህ? ደኅና ነሽ ወይ ይበላት?»

ክፍሉ አፉን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተው።

«ኮፍያው ረጠበ ወይ ይበላት።»

ሸፊቃ የያዘችው የጫት እስር ከእጇ ወደቀ። «ዋርያ! እህትህ ውሃ ውስጥ ሆና፣ አንተ ኮፍያ? ወላሂ፣ ውሃው መውሰድ የነበረበት አንተን ነበር!»

«ያልኩሽን ብቻ አድርሺ። የሌላ ሰው መልስ አልቀበልም፤ እሷ ራሷ ትመልስ። የት እንዳስቀመጠችውም ትናገር።»

በነጋታው ወሬው ከመጋላ አልፎ ከዚራ ሰፈር ገባ። ባጃጆች ሲያልፉ «ኮፍያው እንዴት አደረ?» ይሉታል። ዳጊ ሻማውን አንሥቶ «ሰብአዊነት ሞተ» የሚል ጽሑፍ ከኮፍያ ሥዕል ጋር ለጠፈ፤ ይኸኛው ከሻማው የበለጠ ተወደደለት። ክፍሉ እንደ ልማዱ መጥቶ ቦታውን ያዘ፤ ግን ቀንበጥ ይዞ ይቀመጣል እንጂ አይቀነጥስም። አይሱዙ ጥሩምባ በነፋ ቁጥር አንገቱ ወደ በሩ ይዞራል። ጅቡቲን መስደቡንም አልተወ፤ ብቻ ስድቡን ይጀምርና መሐል ላይ ይጠፋበታል። «ያቺ ምድጃ... ያቺ...» ይልና ግድግዳውን ያያል። «ስድብም ጨረሰ» አሉ ወዳጆቹ። ወዳጅ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲጨነቅ ማየት ካልቻለ ዐይኑን ጨፍኖ ይስቃል።

ወደ አመሻሹ አይሱዙው እስከ መስታወቱ ጭቃ ለብሶ ተመለሰ። ሸፊቃ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ራሷን በበሩ አስገባች።

«የናንተስ ዘር ጉድ ነው!» አለች። «ሾፌሩ ያገኛት ጣሪያ ላይ ነው። ባሏም ልጆቿም አብረዋት። ጥያቄህን ሲነግራት ምን አለች መሰለህ? ‹እንዲህ በለው፦ አልረጠበም። ከዱቄት በርሜሉ ሥር አውጥቼ ራሴ ላይ ደፍቼዋለሁ። ለውሃው አልሰጠሁትም፣ ለሱም አልሰጥም። የሱ ጭንቅላት እንደሆነ ትልቅ ነው፣ አይገባለትም።› ይኸው ነው!»



«ሌባ» አለ ክፍሉ። መልሶ ደገመው፦ «የዱቄት በርሜል! እሷው ናት፣ ሌባ!»

ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣና ከውሃው በርሜል ፊቱን ይታጠብ ጀመር። አንድ ፊት ለማጠብ የማይፈጅ ጊዜ ፈጀበት። ሂሻም ማንንም ሳያይ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ።

ክፍሉ ሲመለስ ጺሙ ይንጠባጠባል። «ጀባ በሉኝ» አለና የሂሻምን ወሰደ፣ የዳጊን ወሰደ፣ የሚጣለውን ገራባ ሳይቀር ሰበሰበ።

ዳጊ ስልኩን ወደሱ ደገነ። «አቦ ክፍሉ፣ ሕዝብ እየጠየቀ ነው። እህትህ ልትሰምጥ ደርሳ፣ ለምን ስለ ኮፍያ ጠየቅህ? አንድ ቃል ብቻ አስረዳን።»

ክፍሉ ቀንበጡን ቀነጠሰ፣ ጎረሰ፣ ወደ ጉንጩ አዛወረው።

«አላስረዳም» አለ።