ሩብ ዙር

…ታዲያ ሁለቱ ማማ አንድ ከሆነ ካሜራው ምን አጠፋ፣ ጠዋት ከገባሁ ይኸው አራተኛ ጊዜዬ ነው፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ክርኔን አስደግፌ፣ ከጣሪያዎቹ ማዶ ያለውን የስልክ ማማ በእህቴ በእታለም ካሜራ አያለሁ፣ በመመልከቻው መሐል ባለችው ቢጫ አራት ማዕዘን ውስጥ ደብዘዝ ያለ ሁለተኛ ማማ አለ፣ የሌንሱን ቀለበት እስከ መጨረሻው ሳዞረው መንታው ማማ እየተንሸራተተ ይመጣና ዋናው ላይ ልክክ ይላል፣ ሽቅብ አልሄደ፣ ቁልቁል አልሄደ። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የቸገረኝ።

እንዲህ ያለ አሮጌ ካሜራ በሌንሱ አያይም፣ እንደ ሰው ሁለት ዓይን አለው፣ ሁለቱ ያዩትን መሐል ላይ ያገናኛል፣ ሲገናኝ ፎከስ ሆነ ማለት ነው፣ ሲያረጅ ግን አመሉ ይበዛል፣ መስታወቱ ጉም ይለብሳል፣ መንታው ምስል ይጠፋል፣ ወይ አንዱ ከአንዱ ትከሻ በላይ ይቆማል፣ ይሄ ሁሉ ግድ የለም፣ በሽታውን የሚናገር በሽተኛ ነው፣ ክፉው ገጠምኩ ብሎ የሚዋሸው ነው፣ ዓይንህ አንድ ነው ይልሃል፣ ፊልሙ ሌላ ነው ይልሃል። ይሄኛው ግን አይዋሽም፣ አየሁት።

ጋሼ፣ አለኝ ትናንት፣ የእታለም ልጅ፣ ካሜራውን ከነነጌቲቮቹ በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ ይዞ መጥቶ፣ ልጄን ላነሳበት ነው፣ እማዬ ብትኖር እሷ ነበረች የምታነሳው፣ ሦስት ወሯ እኮ ሆነ ጋሼ፣ እኔ አልቆጠርኩም ብዬ ዋሸሁት፣ እስቲ እየው፣ አለኝ፣ የሠርጋችን ፎቶ እንደዚያ የሆነው በካሜራው ነው ወይስ በእማዬ ዓይን፣ ካሜራው ከሆነ አብጀው፣ ዓይኗ ከሆነ ግን፣ ብሎ ተወው፣ ነገ አራት ሰዓት ና አልኩት። አሁን ሦስት ተኩል ነው።

የምርመራ ካርድ። የሩቅ ርቀት፦ ትክክል። የአንድ ሜትር ርቀት፣ በሜትር ተለክቶ፣ ፊልሙ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስተር ተለጥፎ፣ በማጉያ ታይቶ፦ ትክክል። የሌንሱ አቀማመጥ፦ ትክክል። የመመልከቻው ንጽሕና፦ በጣም ጥሩ። ብልሽት፦ የለም። የለም ብዬ ጽፌ እጄ ቆመ፣ የለም ማለት የእህቴ ዓይን ነው ማለት ነው፣ አራት ዓመት ሰው ሁሉ ያለው ነው፣ እሷም ራሷ ያለችው፣ ዓይኔ ነው፣ እርጅና ነው፣ በቃኝ፣ ብላ የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ለልጇ አስረክባ መስኮት ሥር ተቀመጠች፣ ምን ይገርማል ታዲያ፣ ፈርምና ተገላገል። አልፈርምም።

መመልከቻው በጣም ጥሩ የሆነው እኔ ስላጸዳሁት ነዋ፣ ለሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ነው ያመጣችልኝ፣ ብሎኔ፣ ጉም ለብሷል፣ መንታው አልታይ ብሎኛል፣ እስቲ እጠብልኝ፣ የልጄን ሠርግ ሌላ ሰው ሲያነሳው ቆሜ አላይም። ብሎኔ የምትለኝ ሰባት ዓመቴ ላይ የቤቱን ሬዲዮ ፈትቼ መግጠም ስላቃተኝ ነው፣ እናታችን በሞተች በወሩ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ይመታኛል ብዬ የምጠብቀው እጅ ሰሃን አቀረበልኝ፣ ብሎኖቹን እዚህ አጠራቅም፣ ነገ አብረን እንገጥመዋለን፣ አለችኝ። ሳንገጥመው ቀረን፣ ሬዲዮ የሌለው ቤት ውስጥ አሳደገችኝ። ወንበሬን፣ ይሄን ማጉያ፣ የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች፣ የሰጠችኝ እሷ፣ ሱቁን ስከፍት የከተማውን ፎቶ አንሺ ሁሉ አንድ በአንድ እየያዘች አመጣችልኝ፣ ወንድሜ ነው፣ የነካው አይበላሽም፣ እያለች።

የነካው አይበላሽም።

እስቲ ነጌቲቮቹን፣ ቆርቆሮው ውስጥ አራት ፖስታ አለ፣ በሦስቱ ላይ በእጇ ጽሑፍ ሠርግ አንድ፣ ሠርግ ሁለት፣ ሠርግ ሦስት፣ አራተኛው ላይ ምንም የለም፣ ሠርግ አንድን አውጥቼ የመብራቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት፣ አራት ዓመት ሙሉ አይቼው አላውቅም፣ ማን ይደፍራል፣ የታጠበ ቀን ሙሽራዋ ስታለቅስ ሰምቻለሁ፣ ልጁም እማዬ ይበቃሻል፣ ከእንግዲህ ሰው አታስቂብን፣ ሲላት ሰምቻለሁ፣ እኔም እዚያው ቆሜ የነበርኩ ነኝ፣ በልቤም ይበቃታል አልኩ። ማጉያ። ሙሽራዋ አበባዋን ደረቷ ላይ ይዛለች፣ አበባው ጥርት ያለ ነው፣ ቅጠሉ ይቆጠራል፣ ፊቷ ግን የለም፣ በእንፋሎት ውስጥ እንዳለ ሰው። ቀጥሎ ሽማግሌው፣ ምርኩዙ ላይ የተጣጠፉት ጣቶቹ ጥርት፣ ፊቱ የለም። ሕፃኗ፣ የዘረጋችው ኬክ ጥርት፣ ፊቷ የለም። ቀጥሎ፣ ቀጥሎ፣ ብርጭቆው፣ ክራባቱ፣ ከፊት ያለ ነገር ሁሉ ጥርት ብሏል፣ ሰው ሁሉ ጠፍቷል፣ ቆይ።

ቆይ፣ አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል። የደከመ ዓይን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ይስታል፣ አንዳንዴም በዕድሉ ያገኛል፣ ይሄ ግን ሁሉም የሳተው በአራት ጣት ስፋት ነው፣ ሁሉም ወደ ፊት፣ ሠላሳ ስድስቱም፣ ሠርግ ሁለትም፣ ሠርግ ሦስትም፣ ያለ አንዳች ልዩነት፣ እንዲህ በአንድ ልክ የሚስት የታመመ ዓይን አይደለም፣ እንዲህ በአንድ ልክ የሚስት የሚያውቅ እጅ ነው፣ ምኑን የሚያውቅ፣ ካሜራው እንደሆነ ልክ ነው፣ ካሜራው ልክ ከሆነ እሷ ራሷ ነች አራት ጣት ወደ ኋላ የምትሄደው፣ ወደ ኋላ… ወይኔ።

ያቺ ነገሯ። ምስሉን ታገናኝና፣ ትንፋሿን ትይዝና፣ ከመጫኗ በፊት ከወገቧ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ትላለች፣ ሁልጊዜ፣ ማንንም ስታነሳ፣ እታለም፣ ሰው ይሸትሻል እንዴ፣ እያልኩ አበሽቃት ነበር፣ የሰፈሩ ልጆች ፎቶ አንሺ ፎቶ አንሺ ሲጫወቱ ወገባቸውን ይዘው ወደ ኋላ ያጋድሉ ነበር፣ ኩራት መስሎኝ፣ የጥበበኛ ነገር መስሎኝ፣ እኔ የካሜራ ሐኪም ነኝ ባዩ። ያዘነበላትማ ካሜራው ነው፣ ካሜራው ይዋሽ ነበር፣ ገጠምኩ እያለ ሌንሱ አራት ጣት ከሰውዬው ጀርባ ያይ ነበር፣ እሷ አወቀችበት፣ ለማንም አልነገረችም፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሸቱን በወገቧ ስታቃናው ኖረች።

እኔ ደግሞ አጸዳሁት። ብቻ ባጸዳሁት ምናለ። ክዳኑን አነሳሁ፣ መስታወቱን ጠረግኩ፣ ከዚያ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ማማ ላይ ስሞክረው መንታው ገና ዳር ላይ ነው፣ ፀጉር ታህል ቀርቶታል፣ እንዴት እንዲህ ሆኖ ትሠራበታለች ብዬ አዘንኩላት፣ መንታውን የምታንቀሳቅሰውን ብሎን በካቻቪቴ ሩብ ዙር፣ ከዚያ የቅርቡን ደግሞ ለክቼ፣ ሁለቱም ልክክ፣ ደስ አለኝ፣ አፏጨሁ መሰለኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ካሜራውን ሳትከፍት ባለቤቱን ክፈት ይሉኝ ነበር፣ እንዴት ይይዘዋል፣ በየትኛው ዓይኑ ያያል፣ ብልሃቱ ምንድነው፣ ሳትጠይቅ ብሎን አትንካ፣ ደንበኛ ሁሉ እጠይቃለሁ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ነክቼ አላውቅም፣ ከእሷ በቀር፣ የእህት ምን ይጠየቃል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል።

ምን አደረግክልኝ አለች ልትወስድ ስትመጣ፣ አጸዳሁት አልኳት፣ የብሎኗን ነገር አላነሳሁባትም፣ ተዛንፎ ነበር ብላት ሠላሳ ዓመት በተዛነፈ ካሜራ ሠራሽ ማለት ይመስላል፣ ያሳፍራታል ብዬ፣ አክብሬያት ነው፣ እኮ ከአክብሮት የተነሳ ነው። ግንባሬን ስማኝ ሄደች። ሠርጉ ላይ በየጠረጴዛው እየዞረች ዘንበል፣ ዘንበል፣ ዘንበል ስትል ዓይኔ እያየ እንጀራዋን ገደልኩት፣ የገዛ ልጇን ሠርግ ያጠፋች ፎቶ አንሺ ማን ይጠራታል፣ ማንም አልጠራትም። የዓይን ሐኪሙ አንቺ ምንም የለብሽም ሲላት ሐኪም ምን ያውቃል ብላ ሳቀች አሉ።

ለምን ትስቃለች። ይሄ አሁን ነው የከነከነኝ፣ ዓይኗ ደህና ነው የተባለ ሰው ይደሰታል እንጂ ምን ያስቀዋል፣ አራተኛው ፖስታ፣ ያልተጻፈበት፣ አወጣሁት። ጠርሙሶች። የራሷ ወጥ ቤት መስኮት ነው፣ ሰባት ጠርሙስ አንዱን ከአንዱ ኋላ ኋላ ደርድራ እያንዳንዱ አንገት ላይ ቁጥር ለጥፋለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እኔው ነኝ ያስተማርኳት፣ ፎከስ ስትጠራጠሪ ጠርሙስ ደርድሪ ብዬ፣ አራተኛው ላይ ነው ያገናኘችው፣ ጥርት ያለው ግን ሦስተኛው ነው፣ ደግማ ሦስተኛው፣ ደግማ ሦስተኛው፣ ከዚያ… ከዚያ አራተኛው። ቀጥ ብላ ቆመች ማለት ነው። ወገቧን ያዘችው። አራተኛው፣ አራተኛው፣ አራተኛው፣ እኔ አራት ዓመት ያልገባኝን እሷ በአንድ ፊልም ጨርሳዋለች፣ ፊልሙ ጥግ ላይ ቀኑን ጽፋበታለች፣ ከሠርጉ በኋላ አምስተኛው ቀን ነው፣ የቀረውን ማየት አቃተኝ፣ ማጉያውን አስቀመጥኩት።

አውቃለች። አውቃ ሆድ ይፍጀው አለች። የእኔ ሱቅ ገና በዓመቱ፣ የከተማው ፎቶ አንሺ ሁሉ ካሜራውን አምኖ የሚሰጠኝ በእሷ ቃል፣ ወንድሜ ነው ያበላሸው ብላ አንዲት ቃል ብትተነፍስ እኔ አልቆልኝ ነበር፣ ስለዚህ ዓይኔ ነው አለች። ቀጥ ብዬ ቆሜ ልሥራ ብትል እንኳ የሚጠራት አልነበረም፣ አራት ዓመት በየሳምንቱ እሑድ እቤቷ እየሄድኩ አዛኝ መስዬ ጋዜጣ አነበብኩላት፣ ደህና የሚያይ ሰው፣ ዝም ብላ አዳመጠችኝ። አሁን ማማ ስቆጥር እውላለሁ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጋሼ፣ ቀድሜ መጣሁ እንዴ። እሱ ነው። ግባ። ገባ፣ እዚያች በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ አገጩ የእሷ ነው፣ ካሜራው እንዴት ነው ጋሼ፣ ደህና ነው፣ ምንም የለበትም፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እንግዲያው ዓይኗ ነበር፣ አውቄው ነበር እኮ፣ አንተም አትጨነቅ፣ አርጅታ ነበር፣ ማን ምን ያደርጋል። የማምለጫውን በር ራሱ ከፈተልኝ። አዎ ልበለው፣ አንዲት አዎ፣ ካርዱ ላይ ብልሽት የለም የሚል ተጽፏል፣ ውሸትም አይደለም፣ ካሜራውን ይዞ ይሄዳል፣ ልጁን ያነሳል፣ እኔም ሱቄ አለ፣ ስሜ አለ፣ የነካሁት አይበላሽም።

ዓይኗ አይደለም፣ አልኩት። እኔ ነኝ። ብሎኗን ነገርኩት፣ ዘንበሏን ነገርኩት፣ አበባውንና ፊቱን በማጉያ አሳየሁት፣ ሩብ ዙር በጣቴ አሳየሁት፣ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፣ እሱ ግን እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ከቶ ቁልቁል ያያል፣ ይበቃሻል ያልኳት እኔ ነኝ እኮ ጋሼ፣ አለ፣ ካሜራውን ከእጇ የተቀበልኳት እኔ ነኝ፣ ወዲያው አልሰጠችኝም፣ ትንሽ ያዝ አደረገችው። ከዚያ ቀና አለ። ታውቅ ነበር?

አላወቀችም ብለው ይቀለው ነበር፣ ለእኔም ይቀለኝ ነበር። ፖስታውን ገፋሁለት፣ እየው። ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ሄደ፣ ጠርሙስ፣ ጠርሙስ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ እሱም የፎቶ አንሺ ልጅ ነው፣ ማንም ሳያስረዳው ገባው፣ ትከሻው ወረደ፣ ቢሆንም አላቆመም፣ እኔ ያቆምኩበትን አልፎ ሄደ፣ ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ ሰው አለ፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነው እንጂ… አንተ ነህ። እዚሁ ወንበርህ ላይ። እየሳቅክ ነው። ሽፋሽፍትህ ይቆጠራል።

መጥታ ነበር። ጠዋት ነበር፣ ሁለት ፎቶ አንሺዎች ካሜራቸውን ሊሰጡኝ ቆመው ነበር፣ በሩ ላይ ካሜራዋን አንጠልጥላ ቆመች፣ ብሎኔ፣ አንድ ነገር ልነግርህ፣ ብላ ሰዎቹን አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ፣ ካቻቪቴ ይዤ፣ እኔ ደግሞ በሰዎቹ ፊት፣ እኔ ደግሞ እየሳቅኩ፣ እታለም በዚያ ዓይንሽ ደግሞ ልታነሺን መጣሽ አልኩ፣ ሰዎቹም ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፣ ፊልሙ ላይ አንዲት ፎቶ ቀርታኛለች አታንቀሳቅሰኝ አለች፣ ቀጥ ብላ ቆማ አነሳችኝ፣ ምን ልትነግሪኝ ነው አልኳት፣ ረሳሁት አለች፣ ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞራ፣ ካሜራውን እንደሆነ ወንድሜ አሳምሮ አብጅቶት ነበር፣ አለች፣ ዓይኔ ነው።